የሕፃናት የልብ አልትራሳውንድ በቴሌሜዲሲን

ይህ ሕፃኑ ባለበት ጤና ተቋም የልቡ ምስል በአልትራሳውንድ (በተለምዶ «ኢኮ») ተነሥቶ በሌላ ከተማ የሚገኝ የሕፃናት ልብ ሐኪም የሚያነብበት የምርመራ ዘዴ ነው። ከቀደምቶቹ አገልግሎቶች አንዱ በ1987 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ሃሊፋክስ ተጀመረ። በኢትዮጵያ ቴሌሜዲሲን ከተሞከረባቸው ሥራዎች መካከል የጥቁር አንበሳንና የነቀምትን ሆስፒታሎች ከሕንዱ የሃይደራባድ ኬር ሆስፒታል ጋር ያገናኘው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ ይገኝበታል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በቀጥታው ሐኪሙ እያየ መሣሪያውን የያዘውን ባለሙያ ይመራል። በሌላው አጫጭር ቪዲዮዎች ተቀርጸው ኔትወርክ ሲገኝ ይላካሉ፤ መስመር ለሚቆራረጥበት አካባቢ ይህኛው ይሻላል። ችግሩ ምስሉ ደብዛዛ መሆኑ የሚታወቀው እናት ልጇን አዝላ ከተመለሰች በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ይልቅ የባለሙያው ሥልጠና ይቀድማል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን አንገብጋቢ የሚያደርገው በወጉ ካልታከመ የቶንሲል ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጤነኛ የሚመስሉ የጅማ ተማሪዎች በኢኮ ሲታዩ ከ1,000ው 30 ያህሉ ላይ ሕመሙ ተገኝቷል። ሕመሙ ከጠና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል የከፈተው ግን ከ20 ዓመት በኋላ ነበር።

በጊዜ መገኘቱ የሚያመጣውን ለውጥ በኡጋንዳ 818 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፦ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ናቸው።

ምርመራውንና መርፌውን ወደ ገጠር ማድረስ ምን እንደሚጠይቅ ለማየት የፎገራ ወረዳን እንውሰድ። የወረዳው ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚታጠፍበት ቦታ ስለምትገኝ ከከተማዋ ወደ ሦስቱም ከተሞች ሆስፒታሎች መድረስ አይከብድም። አስቸጋሪው የገጠር ቀበሌው ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ የሩዝ ማሳውን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ ምስል በስልክ መስመር ማለፍ ቢችል እንኳ ልጅና መርፌ አያልፉም። በፎገራ እንዲህ ያለ ምርመራ ሲታሰብ ውጤቱን ከማንበብ እኩል የሐምሌና የነሐሴ መርፌ የሚሰጥበት፣ ውኃው የማይቆርጠው ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ሊመረጥ ይገባል።