መስህብ፣ ተሳቢና ባለቤት
በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጎብኚ የማያዘወትራቸው ስፍራዎችና ቃሎቻቸው

የቱሪዝም ሥራ በአገራችን ከተስፋፋ ወዲህ በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ፣ በጋዜጣና በራዲዮ እየተዘወተሩ ከመጡት ቃላት አንዱ «መስህብ» ነው። ቃሉ የተገኘው «ሰሐበ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ሲሆን፣ ይኸውም በአማርኛ ሳበ፣ ጐተተ ማለት ነው። እንግዲህ መስህብ ማለት መንገደኛውን ወደ ራሱ የሚስብ ነገር ማለት ነው። የአሰያየሙ ስልት የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉ ስፍራውን የሚመለከተው ከመጪው እንግዳ ወገን ሆኖ ነው፤ ብዙ ሰው የሳበው ስፍራ ከዝርዝሩ ይገባል፣ ጥቂት ሰው የሚደርስበት ግን ይቀራል። አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር በሁሉ አፍ ሲነሡ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ ለብዙው መንገደኛ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ ምሳ የሚበላባት ከተማ ብቻ ሆና የቀረችው ስለዚህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉብኝት መምሪያ መሆን አይደለም። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያሉት፣ ጎብኚ የማያዘወትራቸው ስፍራዎች ለቋንቋ ባለሙያ ከዳር የሚቀመጡ ሳይሆኑ እኛ ዛሬ ዐረፍተ ነገር ስንተነትን የምንገለገልባቸው ቃላት ከተጠበቁባቸው ቤቶች መካከል መሆናቸውን ማሳየት ነው።

ከከተማይቱ ስም እንጀምር። የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው፤ በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ተድላ ጓሉ እንደ ቈረቈሯት ይነገራል። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ተክለ ሃይማኖት በሚል ስም ነገሡ። በማግሥቱ ዓመት፣ በግንቦት 1874 ዓ.ም.፣ እምባቦ ላይ በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ድል ቢሆኑም፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1893 ዓ.ም. ድረስ መናገሻቸው ይህችው ከተማ ነበረች። መንቆረር የሚለው ስም ቀርቶ ከተማይቱ በቤተ ክርስቲያኗ ስም ደብረ ማርቆስ የተባለችውም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ነው።

ከዚህ ላይ «ደብር» የሚለው ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል። በግዕዝ ደብር ተራራ ማለት ነው። ቃሉ ከተራራው በተራራው ላይ ወደሚኖሩት ማኅበረ መነኮሳት፣ ከዚያም በአማርኛ ማዕርግ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ተሻገረ። ስለዚህ ደብረ ማርቆስን «የማርቆስ ተራራ» ብሎ መተርጐም የቃሉን ጥንተ ነገር ያሳያል እንጂ የከተማይቱን ስም አያስረዳም። «ገዳም» ደግሞ በግዕዝ ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነበረ። ሁለቱ ቃላት ከተራራና ከዱር ተነሥተው ተቀራርበዋል፤ ግን አንድ አልሆኑም።

ይህን ልዩነት ይህ ጸሐፊ የተማረው በራሱ ስሕተት ነው። በወጣትነቱ የዚህን አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ለውጭ አገር አንባቢ የሚያስተዋውቅ አጭር ጽሑፍ ሲተረጕም ደብሩንም ገዳሙንም በአንድ የባዕድ ቃል፣ የመነኮሳት መኖሪያ በሚል፣ ጨረሰው። በአንድ ደብር የሚያገለግሉ አረጋዊ ካህን ነገሩ ሲነበብላቸው ፈገግ ብለው፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሚስትና ልጆች ያሉኝ ቄስ ነኝ፤ መነኵሴ ካልኸኝ ቤቴን አፈረስኸው» አሉት። በአንድ ቃል ስሕተት የአንድ ደብር ካህናት በሙሉ ትዳራቸውን አጥተው ነበር።

በከተማይቱ ውስጥ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የሚታየው ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1918 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓ ሥርዐት ያሳደሱት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ነው። ጎብኚው የሚያየው ግድግዳና ጣራ ነው። የቤተ መንግሥቱን አኗኗር የሚናገሩት ግን «እልፍኝ»፣ «አዳራሽ»፣ «ግብር» የሚሉት ቃላት ናቸው። እልፍኝ ጌታው ከቅርብ ሰዎቹ ጋር የሚቀመጥበት የውስጥ ክፍል ስለሆነ፣ መግቢያውን የሚጠብቀው ሹም እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር። አዳራሽ ሠራዊቱና መኳንንቱ ግብር የሚበሉበት ሰፊ ቤት ነው። ግብር ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ባላገሩ ግብር ይከፍላል፣ ጌታው ግብር ያበላል። ከገበሬው በእህልና በማር የገባው በአዳራሹ በእንጀራና በጠጅ ይወጣል። አንዱን ፊት ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ «ንጉሡ ግብር አበሉ» የሚለውን ሲያገኝ መደናገሩ አይቀርም፤ መዝገበ ቃላታችንም ሁለቱን ፍቺዎች ለየብቻ ቈጥሮ ማስቀመጡ ብቻ አይበቃውም፤ የሚያገናኛቸውን ሥርዐት ጭምር ማመልከት አለበት።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በብቸና በኩል ሲኬድ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ይገኛሉ። መርጡለ ማርያም በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መባቻ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ነው፤ ከጥንታዊው ሕንፃ የቀረው የተጠረበ ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታያል። «መርጡል» በግዕዝ ድንኳንን፣ አዳራሽን፣ ማደሪያን የሚያመለክት ቃል ነው። አማርኛ ይህን ቃል በዕለት ንግግር አይጠቀምበትም፤ በስፍራው ስም ውስጥ ግን ሕያው ነው። የቦታ ስሞች ለመዝገበ ቃላት ሠሪ የሚሰጡት ጥቅም ይህ ነው፤ ከአፍ የጠፋ ቃል በመሬት ላይ ይቈያል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ቅኔ ቤቶቹ እንመጣለን። ደብረ ኤልያስና ዲማ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቁ፣ ዋሸራና ጎንጅ ደግሞ ወደ ምዕራብ ጎጃም ዘልቀው ይገኛሉ። የቅኔ መንገዶች ተብለው ከሚታወቁት ሦስቱ፣ ማለት ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ፣ ሁለቱ ጎጃሞች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተከታትለዋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዲማንና የተማሪውን ኑሮ የሚያውቀው ሰው እንደጻፈው የሚታየው ስለዚህ ነው።

በቅኔ ቤት ለዐይን የሚቀርብ ብዙ ነገር የለም። የተማሪዎች ጎጆ፣ አንድ ዛፍ፣ የመምህሩ ወንበር፣ ደበሎ የለበሱ ወጣቶች፤ ያለው ይህ ነው። የሚሰማው ግን ብዙ ነው። የኔታ ቅኔ «ይነግራሉ»፤ ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ «ይቈጥራል»፤ የበሰለው ሊቅ ደግሞ በማሕሌቱ መካከል ከራሱ አፍልቆ «ይዘርፋል»። በገበያ ዘራፊ ወንበዴ ነው፤ በቅኔ ቤት ዘራፊ መባል ክብር ነው። «ቤት»ም እንዲሁ ነው፤ ቅኔ ቤት ትምህርት ቤቱ ነው፣ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አለው ሲባል ስንኙ ነው፣ ቤት መታ ሲባል ደግሞ የድምፁ መግጠም ነው።

የበለጠ ሊያስደንቀን የሚገባው ግን የእኛው የራሳችን ሙያ ቃል ነው። «ባለቤት»፣ «ተሳቢ»፣ «ዘርፍ»፣ «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚሉት ስያሜዎች የወጡት ከግዕዝ ሰዋስው ትምህርት፣ ከዚሁ ከቅኔ ቤት ነው። እነ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ሰዋስው ሲያዘጋጁ ይህን የቃል ሀብት ተዘጋጅቶ አግኝተውታል። ቃላቱ ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው። ባለቤት የቤቱ ጌታ ነው፤ ተሳቢ በአንቀጹ የሚጐተት ነው፤ ዘርፍ የልብስ ጫፍ እንደሆነ ሁሉ በሰዋስውም ከስሙ ተንጠልጥሎ የሚመጣ፣ «ቤተ ንጉሥ» በሚለው ውስጥ «ንጉሥ» የሚባለው ነው። አንቀጽ በግዕዝ በር ነው፤ በቅኔ ቤት ግስ ሆነ፣ በሕግ የድንጋጌ ክፍል ሆነ፣ በጋዜጣም ርእሰ አንቀጽ ተባለ።

ልብ ብሎ ላየው፣ «መስህብ» እና «ተሳቢ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ «የቱሪዝም ዘርፍ»ም የቅኔ ቤቱን «ዘርፍ» በቃልነቱ ይጋራዋል። ስፍራዎቹን ከዝርዝሩ ያስቀረው ጽሑፍ ራሱ የተጻፈው በእነዚያው ስፍራዎች ሲያገለግሉ በኖሩ ቃላት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንደ ዘረፋ፣ ቈጠራ፣ ነገራና ቤት ያሉትን ቃላት ሲመዘግቡ የቅኔ ቤቱን ፍቺ በሙያ ምልክት ለይተው ሊያስቀምጡት ይገባል፤ ይህ ካልሆነ ተርጓሚው የሚያገኘው የገበያውን ፍቺ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ተርጓሚዎች ደብርን፣ ገዳምን፣ የኔታን በመሰሉ ቃላት ላይ የተጠጋ የባዕድ ቃል ከመፈለግ ይልቅ ቃሉን እንዳለ አቆይተው አንድ ጊዜ ቢያብራሩት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ስያሜ የሚያወጡ ጉባኤዎች ዐዲስ ቃል ለመፍጠር ከመነሣታቸው በፊት በእነዚህ ቤቶች የሚነገረውን በስፍራው ሄደው በድምፅና በጽሑፍ ቢሰበስቡ፣ ብዙ ጊዜ ያዘጋጁት የመሰላቸው ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ የሚኖሩት በመምህራን አፍ ነው፤ አንድ መምህር አልፈው ጉባኤያቸው ሲታጠፍ፣ ሳይመዘገብ የቀረው ፍቺ አብሯቸው ይሄዳል።

በሰዋስው ሥርዐት ተሳቢው ከባለቤቱ አይቀድምም አይባልም፤ ግዕዝ እንደ ፈለገ ያስቀድመዋል። ይሁን እንጂ ማን ሳቢ፣ ማን ተሳቢ እንደሆነ ሳይለይ ቅኔው አይፈታም። በደብረ ማርቆስ ዙሪያም ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ እንግዳው መጥቶ የሚሄድ ተሳቢ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ቢጎበኙም ባይጎበኙም ቃሉን ይዘው የሚቈዩት ናቸው።