ከዕርድ የተረፈው ቆዳ

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን የምትገኘው ወለቃ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቀች መንደር ናት። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የቤተ እስራኤል ካህናት ኦሪትን እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በግዕዝ፣ በብራና ላይ ጽፈው ያቆዩ ነበሩ።

ብራናን ስንመለከት ስለ ፊደሉ እንጂ ስለ ፍየሉ አናስብም። ብራና ፋቂው ቆዳውን ለጥቂት ቀናት በውኃ ይነክረዋል፤ ቀጥሎም በእንጨት ላይ ወጥሮ ጮማውን፣ ኋላም ጠጕሩን ይፍቃል፤ አድርቆም በድንጋይ ያለሰልሰዋል። ጅማት እንኳ ለመጠረዣ ይሆናል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈጃል። ሥጋው ለማዕድ፣ ቆዳው ለትምህርት ይውል ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ከ5 ዓመት በኋላም፣ በ1959፣ ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ሊቃውንት ተመራማሪዎችን በመጽሐፍ መከሩ፤ ይኸውም በሚቻልበት ኹሉ እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት፣ ቍጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቃለል ነው።

እንግዲህ ተማሪ የልብን ክፍሎች ለማወቅ እንስሳ ማስገደል ለምን ያስፈልገዋል? ከሥጋ ቤት የመጣ የበሬ ልብ ይበቃዋል። ነገር ግን አባ ሰንጋ በቆዳና በጠጕር ጭምር ወደ ሰው ይተላለፋልና፣ ያልተመረመረ እንስሳ ክፍል ወደ ክፍላችን ሊገባ አይገባም።

ውድ ጓደኞቼ! የታረደው ፍየል ሕይወት አይመለስም፤ የተረፈው ክፍሉ በከንቱ ተጥሎ እንዳይቀር ማድረግ ግን የእኛ ዕዳ ነው።