ሁሉም የሆድ ሕመም ጨጓራ አይደለም፦ የሆድ ሕመም መንስኤዎችና አመረማመሩ



አመሻሽ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ለታክሲ የተሰለፈ ሰው ድንገት ሆዱን ሲያመው ምን ያደርጋል? አብዛኞቻችን አጠገባችን ወዳለው መድኃኒት ቤት ጎራ እንልና «የጨጓራ መድኃኒት ስጡኝ» እንላለን። የት ጋ እንደሚያመን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚጠይቀን የለም፤ እኛም አንናገርም። ሕመሙ ሳምንት ካለፈው አንዱ ክሊኒክ ገብተን ደም እንሰጥና «ታይፎይድ አለብህ» ተብለን እንወጣለን። ጨጓራና ታይፎይድ በከተማችን ሆዱን ላመመው ሰው ሁሉ የሚሰጡ ሁለት ስሞች ሆነዋል።

እኛም ከዚህ ስህተት ነጻ አልነበርንም። በማስተማር ላይ ሳለን አንድ ተማሪ «ሆዴን አመመኝ» ሲለን፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ነው ብለን ሻይ በዳቦ አብልተን ወደ ክፍል መለስነው። ያን ዕለት ማታ በትርፍ አንጀት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አልሐምዱሊላህ ዳነ፤ ለእኛ ግን ትምህርት ሆኖን ቀረ። ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ዓላማው አንባቢ ሕመሙን በትክክል እንዲገልጽ፣ ምርመራው ለምን እንደሚደረግ እንዲረዳና የማይጠበቅበትን ሰዓት እንዲያውቅ ነው።

1. የሕመሙ ቦታ ምን ይነግረናል?

ሆድ የምንለው ከጎድን አጥንት በታች እስከ ብሽሽት ያለውን ክፍል ነው። በውስጡ ጨጓራ፣ ጉበት፣ የሐሞት ከረጢት፣ ቆሽት፣ ጣፊያ፣ ትንሹና ትልቁ አንጀት፣ ኩላሊት፣ የሽንት ፊኛ፣ በሴቶች ደግሞ ማሕፀንና የእንቁላል ማምረቻዎች ይገኛሉ። ስለዚህ «ሆዴን» ማለት ብቻውን ለሐኪም ብዙ አይነግረውም።

• ከእምብርት በላይ መሐል ላይ፦ ጨጓራ፣ የትንሹ አንጀት መነሻ ወይም ቆሽት ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸው በገፋና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች የልብ ድካም አደጋም እዚሁ ቦታ ላይ እንደ ጨጓራ ሕመም መስሎ ሊመጣ ይችላል። ላብና ትንፋሽ ማጠር ካለበት ቃር ነው ብሎ መተው አይገባም።
• በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር፦ ጉበት ወይም የሐሞት ከረጢት። የሐሞት ጠጠር ሕመም ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ይነሳና ወደ ቀኝ ትከሻ ሊሰማ ይችላል።
• በቀኝ በኩል ከእምብርት በታች፦ ትርፍ አንጀት። ብዙ ጊዜ ሕመሙ እምብርት አካባቢ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ታችኛው ቀኝ ይወርዳል። የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ማስመለስ ይከተሉታል።
• ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ሰውን የሚያገላብጥ ሕመም፦ የኩላሊት ጠጠር።
• ከእምብርት በታች መሐል ላይ፦ የሽንት ፊኛ ወይም ማሕፀን። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት በአንድ ጎን ኃይለኛ ሕመም ካጋጠማት ከማሕፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለባት።

2. በአገራችን የሚበዙ መንስኤዎች

የጨጓራና የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት፦ ለብዙ ዘመን የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው በጭንቀትና በሚያቃጥል ምግብ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አገኙ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ተገኝቷል። አብዛኛው ሰው ግን ተሸክሞት እየኖረ አይታመምበትም። እንግዲህ በርበሬው የታመመውን ጨጓራ ያቃጥለዋል እንጂ ቁስለቱን የፈጠረው እሱ አይደለም።

ሕክምናው የአሲድ መቀነሻና ቢያንስ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ አብሮ መውሰድ ሲሆን ብዙ ጊዜ 14 ቀን ይፈጃል። ሻል ሲለን በአምስተኛው ቀን ማቆም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። መጥፋቱን ለማረጋገጥ የሰገራ ምርመራ የሚደረገው መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው፤ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹም ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት መቆም አለባቸው። የደም ምርመራው ግን ሰውየው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል መዳንን አያሳይም።

የማስታገሻ ክኒኖች፦ ለወገብ፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለራስ ምታት የምንወስዳቸው ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ። ወላጆቻችን እነዚህን ለወራት ያለሐኪም ትእዛዝ ሲወስዱ «ጨጓራዬ ተነሳ» ማለታቸው አይገርምም። የምንወስደውን ክኒን ሁሉ ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው።

ጥገኛ ትላትልና ጃርዲያ፦ ወስፋት በብዛት ሲኖር በተለይ የሕጻናትን አንጀት ሊዘጋ ይችላል። መንጠቆ ትል ደም ይመጣል። ጃርዲያ መነፋት፣ ግሳትና ቅባት የሚመስል ተቅማጥ ያመጣል። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር ላይወጣ ስለሚችል አንድ ናሙና «ነጻ ነህ» ቢልም ሐኪሙ በተለያዩ ቀናት እስከ ሦስት ናሙና ሊጠይቅ ይችላል። በአሜባም በኩል አንድ ችግር አለ፤ በሽታ የሚያመጣውና የማያመጣው ዝርያ በተራ ማይክሮስኮፕ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ የምርመራ ወረቀቱን ከሕመሙ ጋር ያስተያያል።

ኮሶስ? የሚመጣው ካልበሰለ ወይም ለብ ለብ ከተደረገ የከብት ሥጋ ነው። አንዳንድ ወንድሞች «ሐላል እርድ ነው፣ ምንም አያደርግም» ሲሉ እንሰማለን። በሐላል መታረዱ ሥጋውን የተፈቀደ ያደርግልናል እንጂ በውስጡ ያለውን የኮሶ እንጭጭ አይገድለውም። እሱን የሚገድለው እሳት ነው። በዒድ አል-አድሓ በሬ በጋራ አርደው ሲቃረጡ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለሚያዘወትሩ ሁሉ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ታይፎይድ፦ እውነተኛው ታይፎይድ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ የሚሄድ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና መዛል አለው። ሳይታከም ሲቆይ አንጀትን ሊበሳ የሚችል ከባድ በሽታ ነው። ችግሩ ምርመራው ላይ ነው። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። ከዓመታት በፊት የታመመ፣ የተከተበ ወይም በሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ የተያዘ ሰው «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። አስተማማኙ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የሚወሰድ የደም ካልቸር ነው። ትኩሳት የሌለው ሰው ሆዱ ስለተነፋ ብቻ ታይፎይድ ነው ከተባለ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ተቅማጥና ትውከት፦ አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም አተት በገባ ጊዜ እንዳየነው በዚህ በሽታ ሰውን የሚገድለው የውሃ ማለቅ ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ሕይወት ያድናል። ሕጻናት በተጨማሪ ለ10–14 ቀን ዚንክ ይሰጣቸዋል፤ ጡት መጥባታቸውም አይቋረጥም።

የአንጀት መጠማዘዝ፦ በአገራችን ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው የአንጀት መዘጋቶች መካከል የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ በብዛት ይታያል። ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሰገራም አየርም መውጣት ያቆማል፣ ኋላ ላይ ትውከት ይመጣል። ይህ በማስታገሻ የሚያልፍ ሕመም አይደለም።

ከእነዚህ ሌላ የአንጀት ቲቢ፣ የጉበት በሽታዎችና የአንጀት ካንሰር ቀስ ብለው የሚመጡ መንስኤዎች ናቸው። ጫት ማዘውተርም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ድርቀትም ያመጣል።

3. ሐኪም እንዴት ይመረምራል?

የምርመራው ትልቁ ክፍል ጥያቄው ነው። ወደ ሐኪም ከመግባታችን በፊት እነዚህን ብናዘጋጅ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል፦

• መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?
• የት ጀመረ? ቦታ ቀይሯል? ወደ ጀርባ ወይም ትከሻ ይሄዳል?
• ይቆርጣል፣ ያቃጥላል ወይስ ይወጋል? ይመጣል ይሄዳል ወይስ አያቋርጥም?
• ሲበሉ ይብሳል ወይስ ይሻላል?
• ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የሰገራ ለውጥ፣ ክብደት መቀነስ አለ?
• ምን መድኃኒት፣ ምን የባህል መድኃኒት ተወስዷል?

እህቶች የወር አበባ መዘግየትን ወይም ደም መፍሰስን በሐያእ ምክንያት ከሐኪም መደበቅ የለባቸውም። ሴት ሐኪም መጠየቅ ይቻላል፤ ካልተገኘች ግን ለሕክምና አስገዳጅ ሁኔታ ሸሪዓው ቦታ ሰጥቷል።

ቀጥሎ ሐኪሙ ሆድን ያያል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይዳስሳል። ተጭኖ እጁን ሲያነሳ የሚብስ ሕመም ወይም እንደ ጣውላ የደረቀ ሆድ ውስጡ መቆጣቱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ እንደ ጥርጣሬው ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ወይም የእርግዝና ምርመራ ያዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እዚህ እናንሳ። «አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ጨጓራህ ነጻ ነው አሉኝ» ይባላል። አልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠርን፣ ጉበትን፣ ኩላሊትንና ማሕፀንን በደንብ ያሳያል፤ የጨጓራን የውስጥ ግድግዳ ቁስለት ግን አያሳይም። እሱን የሚያየው በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ ነው። የአንጀት መዘጋትንና መበሳትን ለመጠርጠር ደግሞ ራጅ ይነሳል፤ ካስፈለገም ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

4. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለ መድኃኒት ቤት ሳይሆን የድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፦

• ድንገት የጀመረ፣ የማያስቆምና የማያስቀምጥ ሕመም
• የደረቀ ወይም በጣም የተነፋ ሆድ፤ ሰገራና አየር አለመውጣት
• ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ማስመለስ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት ሰገራ
• ከሕመሙ ጋር ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን
• ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ሽንት ማቆም
• በእርጉዝ ሴት ላይ የሚታይ ኃይለኛ ሕመም

ያለምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ለመዋጥ መቸገርና የደም ማነስ ደግሞ በዚያው ሰዓት ባይገድሉም ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ያለባቸው ናቸው።

እስከ ሐኪም ድረስ ሕመምተኛውን ምግብ አታብሉት፤ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ባዶ ሆድ መሆኑ ይጠቅመዋል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡ፣ ሆዱንም አታሹ። ከሜክሲኮ ብዙም ሳይርቁ ጥቁር አንበሳና ባልቻ ሆስፒታሎች አሉ። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907 ወይም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ይደወላል።

5. ጾምና የሆድ ሕመም

ረመዷን ሲቃረብ የጨጓራ ሕመምተኞች ጥያቄ ይበዛል። አላህ በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። ቁስለቱ የሚደማ ወይም በቅርቡ የደማ ሰው በጾም ራሱን አደጋ ላይ መጣል የለበትም። ሕመሙ ቀላል የሆነ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ኢፍጧርና ሱሑር በማዛወር መጾም ይችላል። ይህን የሚወስነው ሁኔታውን የሚያውቅ ሐኪም ነው፤ ከረመዷን በፊት ሄዶ ማማከር ይገባል።

ኢንዶስኮፒ ጾም ያፈርሳል ወይ ለሚለው፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ፈሳሽ ወይም ሌላ ነገር አብሮ ካልገባ አያፈርስም ብሏል። በተግባር ግን ፈሳሽ የሚገባበት ጊዜ ስላለ ሐኪሙን መጠየቅ፣ ካልቸኮለም ቀጠሮውን ከረመዷን ውጭ ማድረግ ይቀላል።

ኢፍጧር ላይ ደግሞ ቴምርና ውሃ ቀምሶ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ከዚያ በልክ መብላት ሆድን ያሳርፋል። በሳምቡሳና በጥብስ ሆድን ሞልቶ ወዲያው መተኛት ቃርን ያስነሳል።

ጥቁር አዝሙድና ማር የሚወስዱ ወገኖች አሉ። በእነሱ መጠቀም ምርመራን አይተካም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋልና ሐኪም ዘንድ መሄድም ሰበብ ማድረስ ነው። ሕመሙ በታችኛው ቀኝ ሆድ ላይ እያደር ሲብስ ማር ይዞ ቤት መቀመጥ ተወኩል አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ፣ ሆዱን ያመመውን ሰው «ጨጓራ ነው» ከማለታችሁ በፊት «የት ጋ? ከመቼ ጀምሮ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያን ተማሪ እንዲህ ብለን ብንጠይቀው ኖሮ ወደ ክፍል አንመልሰውም ነበር።

አላህ ለታመሙ ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።