ድሬዳዋ፣ ታምቡር እና ዲስክ፦ የአንድ ዓመት ልጆች

ባለፈው ቅዳሜ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ይዤ በተቀመጥኩበት አንድ የድሮ ተማሪዬ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ የ2006 ባች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ደብተሩ ጀርባ ላይ መኪና ሲስል የሚውለው ነው። አሁን የራሱ ሂሉክስ ፒክአፕ አለው። ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ጭኖ በደንገጎ ወደ ድሬ ያወርዳል።

"አቦ ቲቸር፣ የኋላውን ታምቡር አስወጥቼ ዲስክ ላስገባ ነው። ምን ትላለህ?"

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ልጁ ወደ እኔ የመጣበትን ምክንያት አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ የአባቴን ታሪክ ነግሬያቸው ነበር። አባቴ በወጣትነቱ የ"ኤንትሬ" ረዳት ነበር። ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። (ከሱ በፊት የነበረው "ትሬንታ ኳትሮ"ም እንዲሁ ፊያት 634 ነው፤ ሠላሳ አራት። ፍሬን፣ ታምቡር፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ... ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፣ ጋራዡ ውስጥ ግን እስካሁን አለ።) አባቴ ደንገጎን ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ያለበትን ቀን እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። ሹፌሩ መሪውን ወደ ተራራው በኩል ሰብሮ ከግንቡ ጋር እያፋተገ አቆመው። ወደ ገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን አልጽፍም ነበር።

እና ለልጁ "ቆይ፣ ሁለት ቀን ስጠኝ" አልኩት። ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ለናንተም ላካፍላችሁ።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡር ዳገት ስለፈራ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ግን ከ1,200 ሜትር ተነስቶ ያንን ተራራ መውጣት ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ ከጅቡቲ መጥቶ እዚሁ እግሩ ሥር ቆመ፤ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1902 መጨረሻ። ከተማዋም በሐዲዱ ዙሪያ በቀለች። አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ገና አሥራ አራት ዓመት ተኩል ይቀረው ነበር።

እንግዲህ በዚያው በ1902 እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ፍሬድሪክ ላንቸስተር የሚባል መሐንዲስ የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ሉዊ ሬኖ ዛሬ የምናውቀውን ታምቡር ፍሬን አወጣ፤ ከውስጥ ሁለት ጫማ መሳይ ብረቶች ተከፍተው የሚሽከረከረውን ከበሮ የሚይዙበትን። (ከሬኖ በፊት ማይባክ ቀለል ያለውን ዓይነት መርሴዲስ ላይ ሞክሮታል፤ ስለዚህ ሙሉ ምስጋናው የሬኖ ብቻ አይደለም።) ገባችሁ? ድሬዳዋ፣ ታምቡርና ዲስክ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው! እኛ ደግሞ "ታምቡር የድሮ፣ ዲስክ የዘመኑ" እያልን እንከራከራለን።

ታዲያ ዲስክ ያኔ ከተፈጠረ ለምን ሃምሳ ዓመት ጠፋ? የላንቸስተር ዲስክ የሚያዘው በመዳብ ነበር። መዳብና ብረት ሲፋተጉ የሚያወጡትን ጩኸት አስቡት፤ ፈረስ ያስደነብራል። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜ መንገድ አቧራ ነው፤ መዳቡን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ኋላ ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሰው፣ የ"ፌሮዶ" መሥራች፣ አስቤስቶስ ያለበት ሸራ ሲያመጣ ጩኸቱ በረደ። (አስቤስቶስ ሳንባ የሚገድል መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ጋራዥ የምትሠሩ ልጆቼ፣ የድሮ ታምቡር ስትከፍቱ ብናኙን በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ እርጥብ ጨርቅ ተጠቀሙ።) ግን ሸራው ታምቡሩንም ጠቀመው። ታምቡር ደግሞ አንድ ዲስክ የሌለው ጉልበት አለው፦ ጎማው ሲዞር የፊተኛውን ጫማ እየጎተተ ራሱ ያጠብቀዋል። ትንሽ ትረግጣለህ፣ ብዙ ይይዛል። ዲስክ ይህ የለውም፤ የረገጥከውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እግር የሚያግዝ ሰርቮ እስኪለመድ ድረስ ለከባድ መኪና ዲስክ የማይታሰብ ነበር።

ዲስክ ስሙን ያደሰው እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር ለማን ላይ በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ ነው። ሌሎቹ ቀድመው ፍሬን መያዝ ሲጀምሩ ጃጓር እየጋለበ ኩርባው አፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ሲትሮኤን፣ ከዚያ ሁሉም። ከባድ መኪና ላይ ግን በጣም ዘገየ፤ መርሴዲስ አክትሮስ በሁሉም እግሩ ዲስክ ይዞ የወጣው በ1996 ነው።

አሁን ወደ ደንገጎ እንመለስ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ ጓደኛዬን አሰላልኝ አልኩት። ሂሉክሱ ከነጭነቱ ሁለት ቶን ተኩል ቢሆን፣ ከደንገጎ ጫፍ እስከ ድሬ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ቢወርድ፣ የሚወጣው ሙቀት ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ውሃ ከ25 ዲግሪ አንስቶ ያፈላል። ሦስት ጀሪካን! ያ ሁሉ እሳት የሚሄደው ወይ ወደ ሞተሩ ነው ወይ ወደ ፍሬኑ። በከባድ ማርሽ ከወረድክ ሞተሩ አብዛኛውን ይወስድልሃል። ማርሹን አቅልለህ ወይ ዜሮ አድርገህ (ነዳጅ ለመቆጠብ ነው የሚሉ አሉ፣ አላህ ይጠብቃቸው) ከወረድክ ሁሉንም የሚችለው ፍሬኑ ነው።

እዚህ ላይ የዲስክ ነገር እውነት ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ዲስክ ሲግል ግን የሚያብጠው ወደ ሸራው ነው፤ ፊቱም ለንፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። ልጁ ትክክል ነው ማለት ነው?

ሰኞ ዕለት አብሬው ጋራዥ ሄድኩ። ያኔ ነው ዋናውን የነገረኝ። ከሁለት ወር በፊት ታናሽ ወንድሙን ይዞ ሲወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገብቶበታል። በማርሽና በእጅ ፍሬን አቆመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሙ መኪናው ላይ አይወጣም፤ እሱም ሌሊት ይባንናል። ዲስክ የፈለገው ለማማር አልነበረም።

መካኒኩ የኋላ ጎማዎቹን ፈታ። ታምቡሮቹ ውስጣቸው እንደ ታረሰ ማሳ ቦይ በቦይ ሆኗል። የፍሬን ዘይቱ ጥቁር ቡና ነው፤ ልጁ መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። ይሄ ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ እግርህ ባዶ ይረግጣል። ያን ቀን የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሂሉክስ ከሥሩ፣ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለችው። ጭነት ሲበዛ መኪናው ወደ ታች ይቀመጣል፣ ዘንጓ ይንቀሳቀሳል፣ ለኋላ እግር ተጨማሪ ግፊት ትሰጣለች። ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ጅራቱን እንዳያዞር። የቀድሞው ባለቤት ያቺን ዘንግ በሽቦ ጠፍሮ አስሯታል! ለምን እንደሆነ እሱ ይወቅ።

እንግዲህ ዲስክ ቢገባ ምን ይሆናል? ካሊፐሩን የሚይዝ ብረት ተቆርጦ ይበየዳል፤ ብየዳው ከለቀቀ የሚለቀው ደንገጎ ላይ ነው። የእጅ ፍሬኑ ያለው ታምቡሩ ውስጥ ስለሆነ እሱም አዲስ ይፈለግለታል። ካሊፐር የሚጠጣው ዘይት ከታምቡሩ ሲሊንደር ስለሚበልጥ የፍሬን ማስተሩ ላይበቃው ይችላል። ቫልቯም የተለካችው ለታምቡር ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ደግሞ የፊቱ ፍሬን ነው፤ እሱ ድሮውኑ ዲስክ ነው። በዚያ ላይ የተጠየቀው ገንዘብ የልጁ የሁለት ወር ገቢ ነው። ሥራውን በሚገባ የሚሠራ፣ ሁሉንም የሚቀይር ሰው ካለ አልቃወምም። የቀረበለት ግን ከፈረሰ መኪና የተፈታ ዲስክና "ይገጥማል" የሚል ቃል ብቻ ነበር።

"ተወው" አልኩት። ተኮሳተረ። "ቲቸር፣ አዲሶቹ መኪናዎች እኮ ሁሉም ዲስክ ናቸው!" አለኝ። እዚህ ጋ አሸነፍኩት። አሁን አገሩን የሞላውን የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ፣ አይዲ 4ን፣ ኋላ ጎማውን አጎንብሰህ እይ አልኩት። ታምቡር ነው! ኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩን ጄኔሬተር አድርጎ፣ ባትሪውን እየሞላ ነው። የኋላው ፍሬን ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ስለሆነ ዲስክ ቢሆን ይዝግ ነበር። ስለዚህ ጀርመኖቹ ወደ ሬኖ ከበሮ ተመለሱ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ፈለገ፣ አየው፣ ዝም አለ።

ታምቡሮቹን ይዘን ለገሃሬ አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሙያቸውን የተማሩት በሽመንደፈር አውደ ጥገና ነው። ታምቡሩን በጣታቸው ዳሰሱ፣ በካሊብሮ ለኩ፣ አንዱን "ይሄ ይላጣል"፣ ሌላውን "ይሄ ሳስቷል፣ ጣለው" አሉ። ሲላጩ ቆመን አየን። ስለ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ጠየቅኳቸው፤ አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከድልድዩ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ስላለቀበት ቀን። ማሽኑን አጠፉ። "ልጄ፣ ያን ቀን ድሬ ውስጥ ያላለቀሰ ቤት አልነበረም" አሉና መልሰው አበሩት።

አንድ አዲስ ታምቡር፣ አዲስ ሸራ፣ አዲስ ዘይት። ሽቦው ተቆርጦ ዘንጓ ተስተካከለች። ወጪው ለዲስኩ ከተጠየቀው ሩቡን አልሞላም። ከቤት የአባቴን የእንጨት ታኮ አምጥቼ ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ። ሙሉ ጭነት ይዞ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወርዶ፣ ሳቢያን ደርሷል። "ፔዳሉ ድንጋይ ነው ቲቸር" አለኝ። ከኋላ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ወንድሙ ነው፣ "ቀስ በል ንገረው" ይላል።