ደም ብዛትን ያሳወቁ የአንዲት ከተማ ሰዎች

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ደም ብዛት ነው። እንደ ወትሮው «ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ ተዉ» ብለን ከመጀመር ይልቅ ግን ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ታሪኩን እናጫውታችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሊኒክ ሄደው ግፊታቸው ከፍ ማለቱ ሲነገራቸው «እኔ እንደሆነ ምንም አላመመኝ፤ ኪኒኑ ለምኔ ነው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ አላመማቸውም። ከ80 ዓመት በፊት ሐኪሞቹ ራሳቸው እንዲሁ ነበር የሚያስቡት።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን እንውሰድ። ዛሬ ጤናማ የሚባለው ግፊት 120 በ80 አካባቢ ነው። የእሳቸው በ1937 ዓ.ም. 162 በ98 ነበር። በመጋቢት 1944 ወደ 186 በ108 ደረሰ። በየካቲት 1945 260 በ150 ሆነ። የግል ሐኪማቸው ግን ፕሬዚዳንቱ ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው እያሉ ለሕዝብ ይናገሩ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 «ራሴን በጣም አመመኝ» እንዳሉ ወደቁ፤ ሲለካ ከ300 በ190 በላይ ነበር። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው አረፉ። እኚህ ሰው ሐኪም አጥተው፣ ወይም መለኪያ ጠፍቶ አልሞቱም። ቁጥሩ በየጊዜው ይጻፍ ነበር፤ የቁጥሩን ትርጉም በትክክል የሚያውቅ ግን አልነበረም። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ሰው ሲያረጅ የደም ሥሩ ስለሚደድር፣ ደሙን ለመግፋት ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል ብለው ያምኑ ነበር።

በሰኔ 1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን የልብ በሽታ የሚጠናበትን ተቋም የሚያቋቁም ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ከቦስተን ብዙም በማትርቅ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ጥናት ተጀመረ። ከተማዋ 28,000 ያህል ነዋሪዎች ነበሯት። ከ1917 እስከ 1923 የሳንባ ነቀርሳ ጥናት ስለተካሄደባት ሕዝቡ ለምርመራ አዲስ አልነበረም።

የጥናቱ ሐሳብ እንዲህ ነው። ችግኝ ከደረቀ በኋላ ምን እንዳደረቀው ማወቅ ያስቸግራል፤ ውኃ ይሁን፣ ተባይ ይሁን፣ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ገና ለምለም ሳለ በየጊዜው እያዩ የመዘገቡ እንደሆነ ግን ይታወቃል። ስለዚህ የልብ ሕመም ያልያዛቸውን፣ ከ30 እስከ 62 ዓመት የሆኑ ሰዎችን መዝግበው በየሁለት ዓመቱ መመርመር ጀመሩ። ግፊት ይለካል፣ ደምና ሽንት ይመረመራል፣ የልብ ምት በመሣሪያ ይነሳል፣ ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳቸው ይጠየቃል። ከዚያ መጠበቅ ነው።

ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ ጠይቆ ጽፎ የሚሄድ ሰው እንደሚያሰለች እናውቃለን። የፍራሚንግሃም ሰዎችም ቢሆኑ ሁሉም እሺ አላሉም። ከተመረጡት 6,507 ሰዎች የመጡት 4,469 ናቸው። ሌሎች 740 ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ ገቡና 5,209 ሆኑ፤ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ጎረቤቶቻቸውን ያግባቡት የከተማው ነዋሪዎች ራሳቸው ነበሩ። የጥናቱ ሐኪሞች ሕክምና አይሰጡም፤ ውጤቱን ለየሰዉ የግል ሐኪም ይልኩ ነበር። በእኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ ትልቁ ሥራ የእነዚህ ሰዎች ነው። ምንም ሳያማቸው፣ ገና ለማይታይ ጥቅም፣ ለዓመታት ክንዳቸውን ሰጥተዋል።

በ1957 መልሱ መምጣት ጀመረ። ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው (በደም ውስጥ ያለው ስብ ማለት ነው) ከፍ ያለው ሰዎች በልብ በሽታ ይበልጥ ይያዙ ነበር። በ1960 ሲጋራ ተጨመረ። በ1970 ደግሞ ደም ብዛት ለስትሮክ፣ ማለትም ግማሽ አካልን ሽባ ለሚያደርገው የጭንቅላት ምት፣ እንደሚያጋልጥ ታየ። ከሁሉ ያስገረመው ሌላ ነው፦ ከልብ ድንገተኛ ሕመም ውስጥ ከአራቱ አንዱ ያህል፣ ሰውየው ሳያውቀው ያለፈ መሆኑ በምርመራ ተገኘ። አለመታመም የጤና ማረጋገጫ እንዳልሆነ የታወቀው እንዲህ ነው።

ነገር ግን አደጋውን ማወቅና ኪኒን እንደሚረዳ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን ያሳየው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተደረገ ሙከራ ሲሆን የወጣውም በ1967 ነው። ግፊታቸው እጅግ ከፍ ያለ 143 ወንዶች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ መድኃኒት፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። መድኃኒት ካላገኙት 27ቱ ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ካገኙት ግን 2 ብቻ ነበሩ። «ተሽሎኛል» ብሎ ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው ራሱን ከ27ቱ ወገን ያስቀምጣል።

ጥናቱ ጉድለትም ነበረው። ከተማዋ በአብዛኛው የነጮች ስለነበረች፣ ውጤቱ ለሁሉም ሕዝብ እኩል ይሠራል ማለት አልተቻለም። በ1994 ሌሎች ዘሮች የተካተቱበት ቡድን ተጨመረ። በ2000 ደግሞ በሚሲሲፒ ጥቁር አሜሪካውያን ብቻ የሚጠኑበት የጃክሰን የልብ ጥናት ተጀመረ፤ ከ5,300 በላይ ሰዎች ገብተውበታል። በፍራሚንግሃምም የመጀመሪያዎቹ ልጆች በ1971፣ የልጅ ልጆቻቸው በ2002 ተመዝግበዋል።

ወደ እኛ እንመለስ። ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ በወጥም በዳቦም ያለው ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለመለካት ስትሄዱ ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፤ ቡና ወይም ሲጋራ ወስዳችሁ ወዲያው አትለኩ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ብዛት ነው። ቁጥሩ ከነቀኑ ካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ወደ ሌላ ካምፕ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር የምትዛወሩ ካርዱን አትጣሉት፤ የሚቀበላችሁ ሐኪም ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከእሱ ነው።