ወደ ትንሹ መነጽር የተመለሰ ሰው

የሰው ልጅ ሥራ ለመጀመር ብዙ ጊዜ አይሰንፍም። አዲስ ነገር ራሱ ይስበዋል፤ የባልንጀሮቹም አድናቆት ያበረታታዋል። ነገር ግን በሕመም፣ በኀዘን ወይም በሁከት ምክንያት የተቋረጠን ሥራ ተመልሶ መያዝ ከመጀመር ይልቅ እጅግ ይከብዳል። በግቢው ቆሞ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሰማይን መመልከት የለመደ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጥቂት ወራት የተወው እንደ ሆነ መነጽሩን አቧራ ይለብሰዋል፤ እንደ ጎረቤት ያውቃቸው የነበሩት ከዋክብትም እንግዳ ይሆኑበታል። ያን ጊዜ ብዙው ሰው መነጽሩን ሸፍኖ ያስቀምጥና «ድሮ እኔም ኮከብ አይ ነበር» እያለ ማውራት ይጀምራል።

በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ባጭሩ የማቀርበው ሰው ግን እንዲህ አላደረገም። እርሱም ሻርል ሜሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ሥራው ደጋግሞ ተቋረጠበት፤ እርሱም ደጋግሞ ወደ ትንሹ መነጽሩ ተመለሰ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ሜሲዬ በሎሬን አገር ባዶንቪሌር በምትባል ትንሽ ከተማ ጁን 26 ቀን 1730 ተወለደ። ለወላጆቹ ከ12 ልጆች 10ኛው ነበር። አባቱም በ1741 ስለ ሞተ ከፍ ያለ ትምህርት ሳያገኝ አደገ። በ1751 ሥራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሲገባ የያዘው ሀብት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንደኛው ጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ ሁለተኛው የሠለጠነ ዐይን። ዮሴፍ ኒኮላ ደሊል የተባለው የከዋክብት ሊቅ ጽሕፈቱን ወዶ በጸሐፊነት ቀጠረው። ቀን ቀን ካርታ እየገለበጠ፣ ሌሊት ሌሊት በመነጽር ማየትን ተማረ። ከጻፋቸው የሰማይ ማስታወሻዎች የመጀመሪያው ሜይ 6 ቀን 1753 የተደረገው ነው፤ በዚያን ቀን ዐጣርድ ወይም ሜርኩሪ የሚባለው ፈለክ እንደ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆኖ በፀሐይ ፊት ሲያልፍ አየ። ይህችን ቀን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ አንድ እንግዳ ይጠብቁ ነበር። ሃሌ የተባለው እንግሊዛዊ አንድ ጅራታም ኮከብ በ1758 መጨረሻ ገደማ ተመልሶ እንደሚታይ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ደሊልም ኮከቡ የሚመጣበትን መንገድ በካርታ ስሎ ለሜሲዬ ሰጠው። ሆኖም ካርታው ስሕተት ነበረበት። ትሑቱ ጸሐፊ ከአንድ ዓመት በላይ እንግዳው በማይመጣበት በር ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ጃንዩዌሪ 21 ቀን 1759 አገኘው፤ ዳሩ ግን በድሬስደን አጠገብ የሚኖር ፓሊች የሚባል አንድ ገበሬ፣ ከገዛ መንደሩ ሆኖ ዲሴምበር 25 ቀን 1758 ቀድሞ አይቶት ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ ደሊል ሜሲዬ ያየውን ለሌሎች እንዳይገልጽ ለጥቂት ጊዜ ከለከለው። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ሰማይን ባልተመለከተ ነበር።

ነገር ግን ከዚሁ ድካም አንድ ፍሬ ተገኘ። ኦገስት 28 ቀን 1758 ሜሲዬ ሌላ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል ሳለ ሠውር በሚባለው የከዋክብት ክፍል አንዲት ጭጋግ የመሰለች ነገር አየ። ጅራታም ኮከብ ገና ከሩቅ ሲታይ ጅራት የለውም፤ ደብዛዛ የጥጥ ቁራጭ ይመስላል። የሚለየውም ከሌሊት ወደ ሌሊት በከዋክብት መካከል ቦታውን በመለወጡ ነው። ይህች ጭጋግ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ሜሲዬም፣ እርሱንም ሆነ ሌሎችን ወደ ፊት እንዳታሳስት ሲል ቦታዋን ለክቶ መዘገባት። ዝነኛው የሜሲዬ ዝርዝር የተጀመረው እንዲህ ነው። ይኸውም የተፈለጉ ነገሮች መዝገብ ሳይሆን፣ ጅራታም ኮከብ ፈላጊ ሊያልፋቸው የሚገባ ነገሮች መዝገብ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራው ሰመረለት። በፓሪስ ኦቴል ደ ክሉኒ በሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ግንብ ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሰማይ ሲፈትሽ ያድር ነበር። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በቀልድ «የጅራታም ኮከቦች አዳኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አወጣለት ይባላል። በ1770 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመትም አገባ። ደስታው ግን አልቆየም። ማርች 15 ቀን 1772 ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደችለት፤ በ11 ቀን ውስጥ እናትም ልጅም ሞቱ። እርሱም ከዚህ ኀዘን በኋላ ወደ ግንቡ ተመለሰ። በ1774 የታተመው የዝርዝሩ የመጀመሪያ ክፍል 45 ነገሮችን የያዘ ነበር፤ በ1781 የወጣው ደግሞ 103 ደረሰ።

ያ የ1781 ዓመት ለከዋክብት ጥናት ታላቅ ዓመት ነበር። ማርች 13 ቀን በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ የሚኖር ዊልያም ኸርሸል የተባለ የሙዚቃ መምህር፣ ከቤቱ ጓሮ ሆኖ በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ ኡራኑስን አገኘ። በመጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር። ከጅራታም ኮከብ እጅግ ርቆ የሚገኝ መሆኑን ቀድመው ካሰሉት ሰዎች አንዱ የሜሲዬ ወዳጅ ቦሻር ደ ሳሮን ነው። ሳሮን በፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትልቅ ሹመት የነበረው፣ ባለጸጋና በሒሳብ የታወቀ ሰው ነበር። ሜሲዬ ያያል፤ ሳሮን ያሰላል። ሁለቱ እንዲህ ተደጋግፈው ይሠሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ቀን ሜሲዬ ከሳሮንና ከቤተ ሰቡ ጋራ በሞንሶ የአትክልት ቦታ ሲንሸራሸር፣ ዋሻ የመሰለ በር አይቶ ወደ ውስጥ ገባ። ቦታው በረዶ የሚከማችበት ጥልቅ ጕድጓድ ነበረ። 25 ጫማ ያህል ወደ ታች ወደቀ፤ ክንዱ፣ ጭኑ፣ የእጁ አንጓና የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። በዚያን ጊዜ የ51 ዓመት ሰው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ይዞ ከሥራው ተለየ።

አባቶቻችን «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ። በሜሲዬ ላይ ግን ምሳር ሳይሆን ወዳጅ በዛበት። የአካዳሚው ጓደኞቹ እየመጡ ጠየቁት፤ በገንዘብም ረዱት። ሆኖም ሰውነቱ ቢድንም ሥራውን ለመተው በቂ ምክንያት ነበረው። ዝርዝሩ ታትሟል፤ ስሙ ታውቋል፤ ዕድሜውም ገፍቷል። እርሱ ግን ኖቬምበር 12 ቀን 1782 ተመልሶ በመነጽሩ ፊት ቆመ። በዚያን ቀን የሚታየው ምን ነበር? ዐጣርድ በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ነበር፤ ከ29 ዓመት በፊት ወጣቱ ጸሐፊ በመጀመሪያ መዝግቦት የነበረው ያው ትርኢት ነው።

ሲመለስ ግን ዓለም ጠብቆት አልቆመም። ኸርሸል ከ1783 ጀምሮ 20 ጫማ ርዝመት ባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ ሰማይን ማረስ ጀምሮ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያገኛቸው ጭጋግ መሰል ነገሮች 2,000 ደረሱ፤ ኋላም 2,500 ያህል ሆኑ። በዚህ ጊዜ የ103ቱ ዝርዝር ባለቤት ሊያፍር ወይም ሊቀና ይችል ነበር። ሜሲዬ ግን አልተወዳደረም። የኸርሸልን ሥራ አመስግኖ፣ የእኔ ዓላማ ሌላ ነው፤ በትልቅ መሣሪያ ብቻ የሚታዩት ነገሮች ጅራታም ኮከብ ለሚፈልግ ሰው አያስፈልጉትም፤ ለእኔ በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታዩት ይበቁኛል የሚል አሳብ ጽፏል። ሰው የገዛ ሥራውን ልክ ካወቀ በሌላው ታላቅነት አይሰበርም። እንዲያውም ከአደጋው በኋላ በ1785፣ በ1788፣ በ1793 እና በ1798 አዳዲስ ጅራታም ኮከቦች አገኘ።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ የሚነካው የ1793ቱ ታሪክ ነው። በፈረንሳይ የተነሣው አብዮት ንጉሡን ገድሎ፣ በኦገስት ወር 1793 የሳይንስ አካዳሚውን ዘጋ። ሜሲዬ ከባሕር ኀይል ያገኘው የነበረው ደመወዝ ቀረ። ለሌሊት ሥራው የሚያበራት መብራት ዘይት እንኳ አልቆበት፣ ከወዳጁ ከላላንድ ዘይት እየለመነ ይሠራ ነበር። በዚህ ድህነት ውስጥ ሳለ ሴፕቴምበር 27 ቀን አንድ ጅራታም ኮከብ አገኘ። ኮከቡ ግን ወደ ፀሐይ ቀርቦ ከዐይን ጠፋ። ተመልሶ የት እንደሚታይ ለማወቅ መንገዱን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል፤ ሳሮን ደግሞ በመኳንንትነቱ ምክንያት ታስሮ ነበር።

ሜሲዬ የለካውን ቍጥር ላከለት። ሳሮንም ሞቱን በሚጠብቅበት እስር ቤት ተቀምጦ የኮከቡን መንገድ አሰላ። ሜሲዬ በተባለው ሰማይ ፈልጎ ዲሴምበር 29 ቀን ጅራታሙን ኮከብ ዳግመኛ አገኘው፤ ስሌቱም ትክክል እንደ ሆነ በምስጢር ለእስረኛው ላከበት። ሳሮን ኤፕሪል 20 ቀን 1794 በጊሎቲን አንገቱ ተቈረጠ። በዚያ የሽብር ዘመን ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በግንብ ላይ፣ አንዱ በእስር ቤት ሆነው፣ ማንም ሊነጥቃቸው ያልቻለ አንድ እውነት በመካከላቸው ይቀባበሉ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው «የኮከብ ነገር ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ለመጠየቅ የሚደፍር አይመስለኝም።

ሜሲዬ በ1806 ከናፖሌዎን የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተቀበለ፤ በኤፕሪል ወር 1817 በ86 ዓመቱ ዐረፈ። ያገኛቸው 13 ያህል ጅራታም ኮከቦች ዛሬ ከሊቃውንት በቀር የሚያስታውሳቸው የለም። ስሙ የሚጠራው እንዳያሳስቱ ብሎ በመዘገባቸው ነገሮች ነው። በኋላ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት እርሱና ጓደኛው ሜሼን በማስታወሻቸው ያስቀሯቸውን ጨምረው ዝርዝሩን 110 አደረሱት። ያቺ በሠውር ያያት የመጀመሪያዋ ጭጋግ፣ ቻይናውያን በ1054 ሲበራ ያዩት፣ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ መሆኗ ታውቋል። 31ኛው በቍጥር የተመዘገበው ደግሞ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ ሌላ የከዋክብት ዓለም ነው። ሜሲዬ ይህን አላወቀም፤ ነገር ግን ቦታቸውን በትክክል ስለ መዘገበ ከእርሱ በኋላ የመጡት እንዲያውቁት አስቻላቸው።

ይህ ታሪክ ለእኛም ቅርብ ነው። ሜሲዬ ይጠቀምባቸው ከነበሩት መነጽሮች አንዳንዶቹ የፊት መስተዋታቸው ስፋት 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ ሊያገኘው የሚችል ትንሽ ቴሌስኮፕ ከዚያ አያንስም። በቦታም በኩል የእኛ አገር ትበልጣለች። በዝርዝሩ 7ኛ የሆነችው የከዋክብት ዘለላ ለፓሪስ ሰው ከአድማስ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ በአዲስ አበባ ግን እስከ 46 ዲግሪ ትወጣለች። 110ሩም ሁሉ ዓመቱን በሙሉ በየተራ ከሰማያችን ይታያሉ።

በየዓመቱም ክረምት ሲገባ ደመናው ሰማዩን ይዘጋብናል፤ የሰማይ ተመልካች ወደደም ጠላም ያቋርጣል። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ግን ያቺ 7ኛዋ ዘለላ ገና ሲመሽ በደቡብ ምዕራብ ትታያለች። በጥቅምትና በኅዳር ምሽት ደግሞ ሰባቱ ከዋክብት፣ ማለት በዝርዝሩ 45ኛ የሆኑት፣ በምሥራቅ ይወጣሉ። እነርሱ ቀጠሯቸውን አያፈርሱም፤ የሚቀር ቢኖር ተመልካቹ ነው።

በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ትምህርት ቤት የምንለያይ ጓደኞቼ ሆይ! ኑሮ ብዙ የጀመርነውን ነገር ያቋርጥብን ይሆናል። አንዱ ከመጽሐፍ፣ አንዱ ከሙዚቃ፣ ሌላው ከመነጽሩ ይለይ ይሆናል። ማቋረጥ ነውር አይደለም፤ ሜሲዬም ወድቆ አቋርጧል። ነገር ግን የመመለሻው ቀን ሲደርስ፣ መሣሪያው ትንሽ ነው፣ ጊዜው አልፏል፣ ሌሎች ቀድመውኛል ሳንል አቧራውን ጠርገን እንቁም። ወዳጃችንም ወድቆ እንደ ሆነ፣ ላላንድ እንዳደረገው፣ ለመብራቱ ጥቂት ዘይት አንንፈገው።