ሕጉ የማይቆጥራቸው፦ የጭነት መኪና ጋራዥ ሠራተኛና የሥራ ላይ ደኅንነት ታሪክ

የኢትዮጵያ ሠራተኛ መደብ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ቀድመው የሚጠሩት የታወቁ ናቸው፦ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች፣ የአንበሳ አውቶቡስ ሠራተኞች። ትግላቸው ስለ ከበደ ስማቸው ቢቀድም አግባብ ነው። ነገር ግን ቡናውን ከጅማና ከሲዳሞ፣ እህሉን ከጎጃምና ከአርሲ፣ ነዳጁን ከአሰብ ሲያመላልስ የኖረው የጭነት መኪና በማን እጅ ሲጠገን እንደ ኖረ የሚጠይቅ ጽሑፍ እምብዛም አናገኝም። እ.አ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ብዙም በማይርቀው በፓልምስ በምናካሂደው የውይይት ክበብ ጥያቄው የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ከትምህርት በተረፈው ሰዓት ኑሯችንን የምንገፋው በሎስ አንጀለስ የጭነት መኪና ጋራዦች ውስጥ ነው።

አቋማችንን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርግ። በጋራዥ የሚደርሰው ሞትና የአካል ጉዳት በአብዛኛው የዕድል ወይም የዕጣ ፈንታ ጉዳይ አይደለም፤ ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የሚወሰን ውሳኔ ውጤት ነው። ይህን ውሳኔ የሚያስለውጠው ደግሞ ሕግ መታወጁ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ሕጉን በኅብረት ማስከበር መቻሉ ነው። ስድስትና ሰባት ሰው ብቻ በሚሠራበት ጋራዥ ይህ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ታሪኩን መመርመር ያስፈልጋል።

፩. ጋራዡ ከየት መጣ?

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ የነበረው የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ስንቁንና መሣሪያውን ለማድረስ መንገድ መሥራት፣ በመንገዱም ላይ ከባድ የጭነት መኪና ማሰማራት ግድ ሆኖበት ነበር። ሕዝባችን «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ የሚያስታውሰው የፊያት መኪና የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ብዙ ኢጣሊያውያን መካኒኮች በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ኢትዮጵያዊው ረዳትም ሙያውን የተማረው እያየና እያቀበለ ነው።

ለዚህ ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። ክሪክ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ለመፍቻው፣ ለመሣሪያው፣ ለመለዋወጫው ሁሉ ስም አለን። ለዓይን መከላከያው፣ በክሪክ የተነሣውን መኪና ከሥር ደግፎ ለሚይዘው ብረት፣ ጎማ ሲነፋ ለሚታሰርበት የብረት ፍርግርግ ግን በጋራዡ የተለመደ ስም መስማት ብርቅ ነው። ስማቸው ያልተለመደው ዕቃዎቹ ራሳቸው በጋራዡ ስላልተለመዱ ይመስለናል። በብረቱ ፈንታ ድንጋይ ወይም ግንድ ይገባል።

የሙያው አወራረስም አደጋውን አብሮ አወረሰ። ታዳጊው «ሙያ እየለመደ ነው» ተብሎ በምሳ ወይም በጥቂት ሳንቲም ሲሠራ ይከርማል። ደመወዙ ያልተጻፈ፣ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ልጅ ጣቱ ቢቆረጥ ካሳ የሚጠይቅበት ማስረጃ የለውም። ከሥሩ ግባ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሹ እሱ ነው።

፪. አደጋው እንዴት ይደርሳል?

ጉዳዩ በመፈክር ብቻ እንዳይታለፍ አሠራሩን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

የገልባጭ መኪና ካሶኒ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚቆመው በዘይት ግፊት ነው። ቱቦው ቢፈነዳ ወይም አንድ ሰው ማንሻውን ሳያውቅ ቢነካ ብዙ ኩንታል ብረት ባንድ አፍታ ይወርዳል። ስለዚህ ከሥሩ ከመገባቱ በፊት በብረት ድጋፍ መታገድ አለበት። የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ውስጥ ታምቆ የተቀመጠ ኃይለኛ ስፕሪንግ አለ፤ ሳይታሰር የሚፈታ ሰው ፊቱን ያጣል። የነዳጅ ታንክ ባዶ ነው ተብሎ ሲበየድ በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የተባለው ማዕድን ነበረበት፤ ብናኙ በአየር ሲጸዳ ወደ ሳንባ ይገባል፣ በሽታው ግን የሚገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የቸርኬ ታሪክ ያስተምራል። አንዳንድ የጭነት መኪና ቸርኬ ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍል ተገጣጥሞ በብረት ቀለበት የሚያያዝ ነው። ቀለበቱ የዛገ፣ የተጣመመ ወይም ከሌላ ዓይነት ቸርኬ የመጣ ከሆነ ጎማው ሲነፋ ይወረወራል፤ ፊት ለፊት የቆመውንም ይገድላል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዚህ ላይ የተለየ ደንብ ያወጣው እ.አ.አ. በ1980 ነው፤ በ1984 ደግሞ ደንቡን ወጥ ለሆነው ቸርኬም አስፋፋው። ደንቡ የሚጠይቀው ውስብስብ ነገር አይደለም፦ ሠራተኛው ይሠልጥን፤ ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይነፋ፤ የአየሩ ቱቦ ሠራተኛው ከመወርወሪያው መሥመር ውጭ ሊያቆመው የሚችል ርዝመት ይኑረው፤ የማይገጥሙ ክፍሎች አይቀላቀሉ፤ ጎማው ከመፈታቱ በፊት አየሩ ፈጽሞ ይውጣ። ቸርኬው ግን መንገድ ላይ የወጣው ከ1980 ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። ሞቱ ቀደመ፣ ደንቡ ተከተለ።

፫. ከ50 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 10

በአገራችን ሕግ አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና እንዲጠብቅ፣ በሥራ ላይ ለሚደርሰው ጉዳትም ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል። ችግሩ ይህን መብት ማን ይጠይቃል የሚለው ነው። ከአሠሪው ጋር ብቻውን የቆመ ረዳት ጠበቃ አቁሞ ፍርድ ቤት እንዲመላለስ መጠበቅ ሕጉን ለባለ ገንዘብ ብቻ መተው ነበር።

የማኅበር መብት የታወቀው ሠራተኛው ለዓመታት ከታገለ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ኮንፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 በ1956 ዓ.ም. ወጣ። ነገር ግን አዋጁ የሠራተኛ ማኅበር ብሎ ያወቀው ከ50 የማያንሱ አባላት ያሉትን ነበር። ፋብሪካው በዚህ ቁጥር ውስጥ ገባ፤ ሰባት ሰው ያለው ጋራዥ ግን ውጭ ቀረ።

ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ የተደራጀ ሠራተኛ ምን ያህል አቅም እንዳለው አሳየ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 ቁጥሩን ወደ 20 አወረደው። ይሁን እንጂ ደርግ ኮንፌዴሬሽኑን አፍርሶ በ1969 ዓ.ም. በራሱ ቁጥጥር ሥር ያለ ማኅበር ተካበት። በአንድ እጁ ቁጥሩን ዝቅ አደረገ፣ በሌላው እጁ ማኅበሩን ነጻነት ነሣው። ይኸው መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1983 ዓ.ም. ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን 155ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት አጸደቀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለማኅበር የሚያስፈልገውን የሠራተኛ ቁጥር 10 አደረገው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህን ጠብቋል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ በየዘመኑ እየወረደ መምጣቱ እውነተኛ እርምጃ ነው፤ ልናቃልለው አይገባም። ሁለተኛ፣ የጋራዡ ሠራተኛ ዛሬም ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ በር ክፍት ትቷል፦ ከ10 በታች ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሁሉ ቢያንስ 10 ሆነው በአንድነት ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ይህ በር ስለ ጋራዡ ሠራተኛ በሚደረገው ውይይት እምብዛም አይነሣም።

፬. የካሊፎርንያ ትምህርት

አሜሪካን እንደ ገነት የሚያዩ ወገኖች እዚህ ያለው ጥበቃ ከመንግሥት ችሮታ የመጣ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እ.አ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ የትሪያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲቃጠል በተቆለፈ በር ምክንያት ማምለጥ ካልቻሉት ጋር 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንኳ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ሕግ እስኪፈረም እስከ ታኅሣሥ 1970 ድረስ ወደ 60 ዓመት ወስዷል። ካሊፎርንያ የራሷን ሕግ በ1973 አወጣች።

የተገኘው ድል እንደማይጸና ደግሞ በ1987 ታየ። አገረ ገዢው ጆርጅ ዱክሜጂያን የግል ድርጅቶችን የሚቆጣጠረውን የክፍለ ግዛቱን የደኅንነት መሥሪያ ቤት በጀት ሰረዘ። ቁጥጥሩም ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ተላለፈ። የሠራተኛ ማኅበራት ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረቡ፤ በኅዳር 1988 መራጩ «ሐሳብ 97» የተባለውን አጽድቆ መሥሪያ ቤቱን አስመለሰ። በብዕር ጭረት የተሰረዘው በፊርማና በድምፅ ተመለሰ ማለት ነው።

የካሊፎርንያ ሕግ ይዘት ይህን ይመስላል። ሠራተኛው አንድ ብቻ ቢሆንም አሠሪው ለደኅንነቱ ኃላፊ ነው። ከ1991 ጀምሮ እያንዳንዱ አሠሪ ጉዳት የሚከላከልበት ዕቅድ እንዲኖረው ይገደዳል። ስለ አደጋ አቤት ያለን ሠራተኛ ማባረር የተከለከለ ነው። በ2002 በወጣው ሕግ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ሠራተኛ በክፍለ ግዛቱ የሥራ ሕግ እኩል እንዲጠበቅ ተደነገገ።

፭. «ጋሼ» እና ፍርሃት

ታዲያ በዚሁ ክፍለ ግዛት ሕጉ ለምን ይጣሳል? ከመካከላችን ስሙን በማንጠቅሰው ጋራዥ የሠሩት ያዩት ይህን ይመስላል፦ ፍርግርጉ አለ፣ ግን አሮጌ ዕቃ ተከምሮበታል። የካሶኒው ድጋፍ አለ፣ ግን «ለአምስት ደቂቃ ሥራ ምን ያስፈልጋል» ይባላል። ሠራተኛው ዝም ይላል፤ ጥገኝነት የጠየቀበት ጉዳይ ያልተወሰነለት ስለሆነ ከማንኛውም መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት መሸሽ ይመርጣል።

አሠሪው ወገን ሲሆን ነገሩ ይብስ ይከብዳል። ሥራ የሰጠህን፣ መጀመሪያ ስትመጣ ቤቱ ያሳደረህን ሰው «ጋሼ፣ ይህን ሳናስደግፍ ከሥር አልገባም» ማለት እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጠራል። አክብሮትና መተሳሰብ የሕዝባችን መልካም ባሕርይ ነው። ነገር ግን አክብሮት የሰው እጅ እስከ መቁረጥ ከደረሰ የሚጠቅመው ወጪ ቆጣቢውን ብቻ ነው። ደግሞም ብዙው ባለ ጋራዥ ከሠራተኛው ጎን ከመኪናው ሥር የሚተኛ ነውና አደጋው እሱንም አይምረውም።

፮. ተግባራችን

በመጀመሪያ፣ በዚህ ከተማ በጋራዥ የሚሠሩ ወገኖቻችን መብታቸውን በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የሚያነቡበት አንድ ገጽ ጽሑፍ እናዘጋጅ። የቸርኬውና የካሶኒው ደንብ ከነሥዕሉ ይግባበት። ሁለተኛ፣ ማንም ብቻውን አቤት እንዳይል እንርዳ፤ ሦስት ሆነው የሚናገሩ ሠራተኞች ከአንድ ይልቅ ይደመጣሉ። ሦስተኛ፣ ምህንድስናና ሕግ የምታጠኑ የማኅበራችን አባላት በአገር ቤት የትንንሽ ጋራዦች ሠራተኞች ጠቅላላ ማኅበር የሚያቋቁሙበትን መንገድ በጥናት አቅርቡ። የሚቀጥለው ስብሰባችን የሚወያየው በዚህ ላይ ነው።

ወንጂንና ምድር ባቡርን ስናስታውስ ከመኪናው ሥር ያለውንም እንቁጠረው።